ሲጋራ ስታቆሙ ለጓደኞቻችሁ ሥራ ስጡ፦ ዝርዝር መመሪያ

ሲጋራ ያቆምኩት በአራተኛው ሙከራዬ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ማንም አላወቀም። ብወድቅ የሚታዘበኝ እንዳይኖር ደብቄ ጀመርኩ፣ ደብቄም ተመለስኩ፤ አንዱም ሁለት ሳምንት አልሞላም። በአራተኛው ግን ከሥራ ስንወጣ አብረን ለምንቀመጥ ሦስት ጓደኞቼ ነገርኳቸው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ። በነዚያ ሙከራዎች መካከል የእኔ ጥንካሬ አልጨመረም። የተለየው ነገር፣ ጓደኞቼ «በርታ» ብለው ወደ ጨዋታቸው ከመመለስ ይልቅ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሥራ መያዛቸው ነው።

«በርታ» መልካም ቃል ነው። ነገር ግን ማታ 3 ሰዓት ላይ እጃችሁ ኪሳችሁን ሲዳብስ አያድንም። ያኔ የሚያስፈልገው ስልክ የሚያነሳ፣ አጠገባችሁ የሚቀመጥ፣ ገንዘባችሁን የሚይዝ ሰው ነው። ይህን የጻፍኩት ለሚያጨሰውም፣ ወዳጁ ሲጋራ እንዲተው ለሚጨነቀውም ነው።

ጓደኛ ለምን ይህን ያህል ይጠቅማል?

አብዛኞቻችን የመጀመሪያዋን ሲጋራ የተቀበልነው ከጓደኛ እጅ ነው። ስንወጣም ጓደኛ እንደሚያስፈልገን የሚያሳይ ትልቅ ጥናት አለ። ኒኮላስ ክሪስታኪስ እና ጄምስ ፋውለር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ፍራሚንግሃም በሚባል ከተማ ለልብ ጥናት ሲመረመሩ የኖሩ 12,067 ሰዎችን የ32 ዓመት መረጃ አገላብጠው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳተሙ። ጓደኛው ሲጋራ ያቆመ ሰው እሱ ራሱ የማጨስ ዕድሉ በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ባል ወይም ሚስት ሲያቆሙ ደግሞ በ67 በመቶ። ሰዎች ሲያቆሙ የሚታየው አንድ በአንድ ሳይሆን ተያይዘው፣ በቡድን በቡድን ነበር።

በአንጻሩ ያለማንም እርዳታ በራሳቸው ብቻ ከሚሞክሩት መካከል ከስድስት ወር እስከ ዓመት ሳያጨሱ የሚቆዩት ከመቶ 3 እስከ 5 ሰዎች ናቸው። ሦስቱ የብቻ ሙከራዎቼ ለምን እንደከሸፉ የገባኝ ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው። ለዓመታት ራሴን «ደካማ» እያልኩ ስወቅስ ነበር።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት በማንኛውም መልኩ ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ገደማ ናቸው። እኔ የምቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ግን ከአምስት ሰው አራቱ እናጨስ ነበር። «ሁሉም ያጨሳል» የሚመስለን ዓይናችን ከዚያች ጠረጴዛ ስለማይርቅ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሳምንት መዝግቡ

ገና ምንም አታቁሙ፣ ምንም አትቀንሱ። ለሰባት ቀን እያንዳንዷን ፍሬ ከመለኮሳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ሰዓቱን፣ ከማን ጋር እንደሆናችሁ፣ በእጃችሁ ወይም በአፋችሁ ሌላ ምን እንዳለ። የስልክ ማስታወሻ ይበቃል፤ እኔ የጻፍኩት በሲጋራው ፓኬት ጀርባ ነበር።

በቀን በአማካይ 14 ፍሬ አጨስ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ ቆጠርኩት። ብቻዬን፣ እውነት አምሮኝ ያጨስኩት በቀን አራት ወይም አምስት ነው፤ ጠዋት እንደተነሳሁ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመተኛቴ በፊት። የቀሩት ሰው ስለለኮሰ የለኮስኳቸው፣ ቡና ስለቀረበ የለኮስኳቸው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሥራ በመፍታት የለኮስኳቸው ናቸው። መዝገቡ የትኛዋ ሲጋራ ከየትኛው ጓደኛ ጋር እንደተሳሰረች ያሳያችኋል። ያለዚህ ለማን ምን ሥራ እንደምትሰጡ አታውቁም።

ደረጃ 2፦ ሰዎቹን ምረጡ፣ ሥራውን አካፍሉ

ለሁሉም ሰው መንገር አያስፈልግም። ሦስት ሰው ይበቃል።

አንደኛው ስልክ የሚያነሳው ነው። የማያጨስ ወይም ያቆመ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሁሉም በላይ ግን ስልኩ ከእጁ የማይለይ ይሁን። እኛ የተስማማነው በሚስኮል ነበር። እኔ ሚስኮል ካደረግኩ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፦ «አሁን አምሮኛል፣ መልሰህ ደውል»። ሂሳብ ባይኖረኝም ይሠራል፤ «ረበሽኩህ» የሚል ይሉኝታም የለበትም። እሱም እስከ ሁለት ደቂቃ ባለው ጊዜ መልሶ ይደውላል። የሲጋራ አምሮት ብዙውን ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ባለው ጊዜ ይበርዳል። የጓደኛው ሥራ ያቺን ጊዜ መሙላት ብቻ ነው። ስለ ሲጋራ መምከር የለበትም። የእኔ ጓደኛ ስለ ኳስ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አለቃው ነበር የሚያወራኝ። አንድ ጊዜ ገበያ ውስጥ ሆኖ የሽንኩርት ዋጋ ሲከራከር እያዳመጥኩ አምሮቱ አለፈልኝ።

ሁለተኛው ጠረጴዛ የሚጠብቀው ነው። ይህ ሥራ የሚሰጠው አብሯችሁ ለሚያጨሰው የቅርብ ጓደኛ ነው። ብዙ ሰው ሲያቆም ከሚያጨስ ጓደኛው ይሸሻል፤ እሱም ይቀየማል፣ ሰውየውም ብቸኝነቱን ሳይችል ይመለሳል። እኔ መሸሽን አልመክርም። ሥራ ስጡት። ሥራው አራት ነገር ነው፦ ሲጋራ እንዳይጋብዛችሁ፣ ፓኬቱን ጠረጴዛ ላይ እንዳያስቀምጥ፣ ሲያጨስ ተነስቶ ወጣ እንዲል፣ ብትለምኑት እንኳ እንዳይሰጣችሁ። የመጨረሻውን ሌሎች ባሉበት ንገሩት። «ብለምንህም እንዳትሰጠኝ፤ ብቆጣህም እንዳትሰጠኝ» አልኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ለመንኩት፣ ተቆጣሁትም። አልሰጠኝም።

ሦስተኛው ገንዘብ የሚይዘው ነው። የእሱን ሥራ በኋላ እመለስበታለሁ።

ስትነግሯቸው አታድበስብሱ። «ሲጋራ ልተው እያሰብኩ ነው» ካላችሁ «አሪፍ ነው» ተብሎ ያልፋል። እንዲህ በሏቸው፦ «የፊታችን ሐሙስ አቆማለሁ። ከአንተ የምፈልገው ይህን ይህን ነው፤ ለአንድ ወር ብቻ። ትችላለህ?» «ለአንድ ወር» ማለቱ ይጠቅማል፤ መቋጫ ያለውን ሥራ ሰው አይፈራውም። የማይችል ካለም ያኔውኑ ይንገራችሁና ሌላ ፈልጉ።

ለሴቶች አንድ ቃል ልጨምር። በእኛ አገር የምታጨስ ሴት ብዙውን ጊዜ ተደብቃ ነው የምታጨሰው፤ ስትተውም ተደብቃ ነው የምትሰቃየው። ንጭንጩን ቤተሰብ ያየዋል፣ ምክንያቱን ግን መናገር አትችልም። ሦስት ሰው ማግኘት ካልተቻለ አንድ ምስጢር ጠባቂ ትበቃለች፤ ስልኩንም፣ ገንዘቡንም፣ አብሮ መቀመጡንም እሷ ትያዘው። ለእናትና ለእህት መንገር የሚያስከትለው ነገር የሚያስፈራሽ ከሆነ አሁን አትንገሪ። መጀመሪያ ሲጋራው ይቁም።

ደረጃ 3፦ ቀን ቁረጡ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ለብዙ ነገር እውነት ነው፤ ለሲጋራ ግን ብዙም አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2016 በእንግሊዝ 697 አጫሾችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ቡድን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያለ ቀንሶ እንዲያቆም፣ ሌላው በአንድ ቀን እንዲቆርጥ አደረጉ። ከአራት ሳምንት በኋላ ሳያጨሱ የተገኙት ቀስ ካሉት 39 በመቶ፣ በአንዴ ከቆረጡት 49 በመቶ ነበሩ። ቀስ ብሎ መተው አይቻልም ማለት አይደለም፤ ምርጫው ካለ ግን አንድ ቀን ይዞ መቁረጥ ይሻላል። ለጓደኞቻችሁም ይቀላቸዋል፤ «ዛሬ ስንት ተፈቀደልህ?» እያሉ ከመቁጠር ይድናሉ።

ቀኑ ከሁለት ሳምንት አይራቅ። የሠርግ፣ የበዓል፣ የፈተና ሳምንት አይሁን። ሦስቱም ሥራ የያዙ ሰዎች ከተማ ውስጥ መኖራቸውን አረጋግጡ።

ጾም ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ሙስሊም ወዳጆቻችን በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ሲጋራ ሳይነኩ ይውላሉ። ያ ሰው 13 ሰዓት ገደማ መቆየት እንደሚችል በየቀኑ ራሱ እያስመሰከረ ነው። አደገኛው ሰዓት ከኢፍጣር በኋላ ያለው ነው፤ ስለዚህ የጓደኛው ሥራ ያን ሰዓት መያዝ ይሁን፤ አብሮ ማፍጠር፣ አብሮ መስጊድ መሄድ፣ አብሮ መራመድ። በዓቢይ ጾም የሚጀምሩም አሉ። 55 ቀን ረጅም ነው፤ ከባዱ የሱስ ጊዜ በዚያ ውስጥ ያልፋል። ችግሩ ፋሲካ ነው። የፋሲካ ዕለት ከዶሮው ቀጥሎ «ዛሬማ» የሚል ሰው አይጠፋምና ለዚያ ቀን ጠረጴዛ ጠባቂው አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ደረጃ 4፦ ሐኪም ጠይቁ

ጓደኛ የሐኪምን ቦታ አይተካም። ከእንቅልፋችሁ በተነሳችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምትለኩሱ ከሆነ ሱሱ ጠንከር ያለ ነውና መድኃኒት ብታስቡ ይጠቅማል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የኒኮቲን ማስቲካንና ቆዳ ላይ የሚለጠፈውን የኒኮቲን ፕላስተር በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካትቷል፤ በ2021 ደግሞ ቫሬኒክሊን እና ቡፕሮፒዮን የተባሉ እንክብሎችን ጨመረ። ሁለቱ እንክብሎች በሐኪም ትእዛዝ የሚወሰዱ ናቸው፤ ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሆንም።

የኒኮቲን ማስቲካ እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። አፋችሁ ውስጥ መቆጥቆጥ እስኪጀምር ቀስ ብላችሁ አኝኩ፣ ከዚያ በጉንጭና በድድ መካከል አሳርፉት፤ ስሜቱ ሲጠፋ ደግሞ አኝኩ። ቡና ከጠጣችሁ 15 ደቂቃ ጠብቁ፤ አለበለዚያ ኒኮቲኑ በደንብ አይመጠጥም። በየፋርማሲው ላይገኝ ስለሚችል ከቀኑ በፊት ፈልጉት። ውጭ አገር ያለ ጓደኛ «ምን ልላክልህ?» ሲላችሁ ከጫማ ይልቅ ይህን ጠይቁት። አሜሪካ ማስቲካውና ፕላስተሩ ለአዋቂ ያለሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። እዚያው አሜሪካ ሆናችሁ የምታቆሙ ደግሞ በ1-800-784-8669 ነጻ የምክር አገልግሎት ታገኛላችሁ።

የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የምትወስዱ፣ ልባችሁን የምትታከሙ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ ግን ከማቆማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ማቆሙ ይጠቅማችኋል፤ የአንዳንድ መድኃኒት መጠን ግን መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።

ደረጃ 5፦ ዋዜማ

ከጓደኞቻችሁ አንዱን ቤት ጥሩ። ብቻችሁን ካጸዳችሁ አንድ ፓኬት «ለክፉ ቀን» ትደብቃላችሁ፤ እኔ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ደብቄ አውቃለሁ። ፓኬቱን፣ ላይተሩን፣ መተርኮሻውን፣ ኮት ኪስ ውስጥ የቀረችውን ፍሬ ሁሉ እሱ ይዞ ይውጣ። ጋቢውንና ጃኬቱን እጠቡ፤ ጨርቅ ላይ የቀረ ሽታ ያስታውሳል።

ከዚያ ሲጋራ ለምትገዙበት ሱቅ በደረቴ ንገሩት። ሳይጠየቅ ገና ስታልፉ ፍሬውን የሚያወጣላችሁ ልጅ አለ፤ ደንበኝነቱን አታቋርጡበት፣ ከእሱው ማስቲካ ግዙ። የእኔው ልጅ ከሳምንት በኋላ ሳይጠየቅ ማስቲካውን ማውጣት ጀመረ። ለካ እሱም ወዳጅ ነበር።

ለአፍና ለእጅ የሚሆን ነገር አዘጋጁ። ከሁሉም የጠቀመኝ መፋቂያ ነው፤ እጅም አፍም ይይዛል፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ማንም አያፈጥበትም። ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎም ጥሩ ነው። ወደ ሺሻ ግን እንዳትዞሩ። ውሃ ስላለፈበት የጸዳ የሚመስላቸው አሉ፤ ኒኮቲንም ካርቦን ሞኖክሳይድም አለበት፣ ሰዓት ሙሉ ሲሳብ የሚገባው ጭስ ከአንድ ሲጋራ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት

ካጨሳችሁ በኋላ 20 ደቂቃ ሲሞላ የልብ ምታችሁ መውረድ ይጀምራል። 12 ሰዓት ሲሞላ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ጤናማ መጠን ይወርዳል። ሰውነት በዚህ ፍጥነት ሲያገግም ስሜት ግን በተቃራኒው ይከፋል፤ ምክንያቱም ኒኮቲኑ እየወጣ ነው። ንጭንጭ፣ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐሳብ አለመሰብሰብ፣ ረሃብ፣ ድብርት ይመጣል። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፤ ከዚያ በየሳምንቱ እየቀለለ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ አብዛኛው ያልፋል።

ይህን ጓደኞቻችሁ ቀድመው ይወቁት። በሁለተኛው ቀን በቡና ጉዳይ ጮህኩባቸው። አስቀድሜ ባልነግራቸው ኖሮ ተቀያይመን እንቀር ነበር።

በነዚህ ሦስት ቀናት ብቻችሁን አትሁኑ። ጠዋት አንዱ በእግር ይሸኛችሁ፤ ምሳ አብራችሁ ብሉና ከምሳ በኋላ ወዲያው ተነሱ፤ ማታ ከመኝታ በፊት ደግሞ ስልክ አንሺው ራሱ ይደውል። የእናንተን ሚስኮል አይጠብቅ። በሦስተኛው ቀን ሰው መደወል ያስጠላዋል፣ ዝም ብሎ ይወድቃል።

ቡና፣ ጫት፣ መጠጥ

ብዙ መመሪያ እዚህ ላይ ሲደርስ «ከሚያነሳሳ ነገር ራቁ» ብሎ ያልፋል። እኛ አገር ከቡና ራቁ ማለት ከሰው ራቁ ማለት ነው።

መጀመሪያ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። የሲጋራ ጭስ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎች ጉበት ካፌይንን በፍጥነት እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። ሲጋራ ሲቆም ያ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ያንኑ የለመዳችሁትን ያህል ቡና ብትጠጡ ደም ውስጥ የሚገኘው ካፌይን እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ሰውየው ግን «የሲጋራ ሱስ ነው» ብሎ ሊለኩስ ይሮጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቡናን በግማሽ ቀንሱ። በቀን አራት ማኪያቶ የሚጠጣ ሁለት ይጠጣ፤ ጀበና የተቀመጠ እንደሆነ አቦሉን ጠጥታችሁ ቶናውንና በረካውን ተዉት። ባለቤቷ «ሳትባረክ?» ብላ እንዳትቀየም ቀድማችሁ ንገሯት።

ቦታውንም ቀይሩ። ካፌ ስትቀመጡ ከበረንዳው ይልቅ ወደ ውስጥ ግቡ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ለሕዝብ አገልግሎት በሚውሉ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ስለከለከለ ሕጉ ራሱ ጠረጴዛችሁን ይጠብቅላችኋል። ውስጥ የሚያጨስ ካለ አስተናጋጁን መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ይህንንም ጓደኛ ቢጠይቅላችሁ ይሻላል፣ እናንተ በዚያ ሳምንት ቶሎ ትጣላላችሁ።

ጫት የሚቅም ሰው የበለጠ ይቸግረዋል። በርጫ ላይ ሲጋራው ከጫቱ ጋር አብሮ ነው የሚሄደው፤ ምርቃናው ሲመጣ እጅ ሳይታዘዝ ይለኩሳል። ጫቱን ሳልተው ሲጋራውን ብቻ እተዋለሁ ብሎ የተሳካለት ሰው በበኩሌ አላየሁም። ቢያንስ የመጀመሪያውን ወር በርጫ ቤት አትግቡ። ያ ከሰዓት በኋላ ባዶ ከሆነ ግን ተመልሳችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከ8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ምን እንደምትሠሩ ከጓደኛ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጨብሲውም ያው ነው፤ ከበርጫ ተነስቶ ድራፍት ቤት የገባ ሰው ሁለት ሱስ በላይ በላዩ ተጭኖበታል።

መጠጥን በተመለከተ ለ30 ቀን ተዉት እላለሁ። ሁለተኛው ጠርሙስ ላይ ቃል ኪዳን ይረሳል። «አልጠጣም» ካላችሁ ጠረጴዛው ሁሉ ስለሚከራከር ከጓደኞቻችሁ አንዱ አብሯችሁ አምቦ ውሃ ይዘዝ። ሁለት አምቦ ውሃ ያለበት ጠረጴዛ ላይ ክርክሩ ቶሎ ያልቃል።

ለጓደኛው፦ ምን ልበል፣ ምን አልበል?

ይህን ክፍል ለጓደኞቻችሁ አንብቡላቸው።

«እናይሃለን» አትበለው። ጨዋታ ይመስልሃል፤ እሱ ግን እንደማይችል የሰጠኸው ፍርድ አድርጎ ነው የሚሰማው። «እኔ በአንድ ቀን አልነበር የተውኩት?» አትበለው፤ የአንተ ሰውነት ሌላ ነው። ልብሱን አታሽትት፣ ኪሱን አትፈትሽ። መጨቅጨቅ የሚበዛበት አጫሽ በደግ ቃል ከሚደገፈው ይልቅ ቶሎ እንደሚመለስ በትዳር ጓደኛሞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል።

ቀኑን ቁጠርለት። «ዛሬ ዘጠነኛህ ነው» የምትል አጭር መልእክት ከረጅም ምክር ትበልጣለች፤ አንድ ሌላ ሰው አብሮት እየቆጠረ እንደሆነ ታስታውቀዋለች። ለውጡን ስታይ ንገረው፤ ደረጃ ሲወጣ እንደ ድሮው አለማለክለኩን፣ ፊቱ መፍካቱን፣ ምግብ መጣፈጥ መጀመሩን። ቢወፍር ግን በዚያ አትቀልድ። ሲጋራ ያቆመ ሰው በዓመት ውስጥ በአማካይ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ይጨምራል፤ ብዙዎች «ወፈርክ» ተብለው ነው የተመለሱት።

ሳሉ ለጥቂት ሳምንት ሊብስ ይችላል፤ ሳንባው ራሱን እያጸዳ ነው። ነገር ግን ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ በተለይ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም መክሳት ካለበት «የሲጋራ ነው» ብለህ አትለፈው። ይዘኸው ጤና ጣቢያ ሂድ፤ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ገንዘቡ

በቀን 10 ፍሬ የሚያጨስ ሰው በወር 300፣ በዓመት 3,650 ፍሬ ያጨሳል። የአንዷን ዋጋ ታውቁታላችሁ፤ አባዙት።

ያ ገንዘብ ኪሳችሁ ውስጥ ከቀረ ራሱ ሲጋራ ይገዛል። ስለዚህ ሦስተኛው ጓደኛ፣ ገንዘብ ያዡ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይቀበላችሁ። የእኔ ገንዘብ ያዥ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ እንደ እቁብ ሰብሳቢ ቅዳሜ ጠዋት አንድም ቀን አልቀረችም። በሦስት ወሩ ለእናቴ ብርድ ልብስ ገዛንበት። ሁለት ሦስት ሰው አብራችሁ የምታቆሙ ከሆነ ደግሞ እውነተኛ እቁብ ጣሉ፤ በየሳምንቱ የሲጋራ ገንዘባችሁን አዋጡ፣ ዕጣ የወጣለት ይውሰድ። ያጨሰ ሰው ይከፍላል እንጂ አይባረርም። መቅጫ አታብዙ፤ ቅጣት የፈራ ሰው ደብቆ ያጨሳል፣ የተደበቀን ሰው ደግሞ ማንም አይረዳውም።

ብትስቱስ?

በ19ኛው ቀን አንዲት ፍሬ አጨስኩ። ለቅሶ ቤት ነበር። ድንኳን ውስጥ አድረን፣ ካርታ የሚጫወቱት ሰዎች እየተቀባበሉ ሲያጨሱ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ዘረጋልኝ። ተቀበልኩ። በሐዘን ቤት እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ።

ጠዋት አፍሬ ለማንም ላልናገር ነበር። ግን ቃል ስለነበረን ሚስኮል አደረግኩ። ጓደኛዬ አልተቆጣም፣ አላጽናናኝምም። ሦስት ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ የት ነበርክ? ማን ሰጠህ? ዛሬ ማታስ እዚያ ታድራለህ? «አዎ» ስለው «እመጣለሁ» አለ። መጣ፤ በእኔና በካርታ ተጫዋቾቹ መካከል ተቀምጦ አደረ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ከሳታችሁ በዚያው ቀን ንገሩ፤ የቀረውን ሲጋራ አስረክቡ፤ የሳታችሁበትን ቦታ ለይታችሁ በሚቀጥለው ጊዜ ማን አብሯችሁ እንደሚሄድ ወስኑ። አንዲት ፍሬ ያለፉትን 18 ቀናት አትሰርዝም። አደገኛው «አንዴ ተበላሽቷል» ብሎ ሁለተኛዋን መለኮስ ነው። ሙሉ በሙሉ ከተመለሳችሁም ሌላ ቀን ቁረጡ። ብዙ ሰው የሚሳካለት ከበርካታ ሙከራ በኋላ ነው።

ከወሩ በኋላ

ሥራ የያዙትን አሰናብቱ፤ ምሳ ጋብዙና አመስግኑ። ሚስኮሉ ግን ይቆይ። አምሮቱ በስድስተኛው ወር፣ በዓመቱም ድንገት ይመጣል፤ አጭር ነው፣ ግን ይመጣል። ዓመት ሲሞላ በልብ ደም ሥር በሽታ የመያዝ ዕድላችሁ እያጨሱ ከቀጠሉት በግማሽ ይቀንሳል፤ በአሥር ዓመት በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል እንደዚሁ ወደ ግማሽ ይወርዳል። የዓመቱን ቀን ጓደኞቻችሁ ያስታውሱት።

ጠረጴዛዬን ይጠብቅ የነበረው፣ ከእኔ በላይ የሚያጨሰው ጓደኛዬ፣ እኔ ካቆምኩ ከስምንት ወር በኋላ አንድ ማታ ሚስኮል አደረገልኝ። መልሼ ስደውል «የፊታችን ሐሙስ አልኩ እኮ» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት 1 ሰዓት ሳይሞላ በሩን አንኳኳሁ፤ በእጄ ሁለት መፋቂያ ይዤ ነበር።